ስለ ሀይ ጀላባ፤ በጁባ ከተማ የሚገኝ የአንድ ሰፈር ጠባይና ታሪክ
(ለመምህራን ጉባኤ የተሰጠ ንግግር)



በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ በተቆረቆረችው በጁባ ከተማ መካከል ሀይ ጀላባ የሚባል ትንሽ ሰፈር ይገኛል። በስፋቱም ሆነ በሕዝቡ ብዛት የሚያስደንቅ አይደለም፤ እግረኛ ሳይደክመው ዞሮት ይመለሳል። ነገር ግን መቶ ዓመት ገደማ በሆነው ዕድሜው ውስጥ ነዋሪው ደጋግሞ ተለዋውጦበታል፤ ስሙም አንድ ጊዜ ከነዋሪው ጋር ተለውጧል። የከተማን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት አንድ የመሐል ከተማ ሰፈር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን የሚተላለፈው በገንዘብ ብርታት ነው ይላሉ። በሀይ ጀላባ ግን ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የመንግሥት የፈቃድ ወረቀት ነው። ይህን የፈቃድ ወረቀት ዛሬ በጁባ ከተማ ይዘው ከሚነግዱት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉ፣ የሰፈሩ ታሪክ ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደርና ለጋምቤላ መምህርም ባዕድ አይሆንበትም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጭ ልብ ይሏል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ይገባል። «ሀይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ ደግሞም ሕያው ማለት ይሆናል። ግእዝ የተማረ ሰው ቃሉ «ሐይወ» ከሚለው ግሥ ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። «ጀላባ» የሚለው ቃል ደግሞ «ጀለበ»፣ ማለት ከሩቅ አመጣ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ነጠላው ጀላቢ ነው፤ ትርጉሙም ዕቃ ከሩቅ አገር እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ማለት ነው። በአማርኛ ሲራራ ነጋዴ ከሚባለው ጋር እጅግ ይቀራረባል። በሱዳን ግን ቃሉ በተለይ የሚነገረው ከሰሜን፣ ይልቁንም ከጃዓሊንና ከደናግላ ወገን፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ወርደው ስለሚነግዱት ሰዎች ነው።

ቃሉ በዚህ ቢቆም ኖሮ ብዙ የሚያነጋግር ባልሆነ። ዳሩ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ አሁን ጁባ ካለችበት ብዙም ሳይርቅ በወንዙ ማዶ በነበረችው በጎንዶኮሮ፣ የዝሆን ጥርስ ንግድ በተስፋፋ ጊዜ፣ ንግዱ በዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይወሰን ሰውን ወደ መሸጥና ወደ መለወጥ ደረሰ። በዚያ ንግድ ውስጥ የአውሮፓም የግብፅም የሱዳንም ሰዎች እጃቸውን አስገብተዋል፤ ሆኖም በአገሬው ሕዝብ ዘንድ ስሙ የተጣበቀው በጀላባው ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ በደቡብ ሱዳን ሰው ጆሮ ጀላባ የሚለው ቃል ነጋዴ ብቻ ማለት መሆኑ ቀርቶ፣ አንዳንድ ጊዜ ሰሜናዊ የሆነውን ሰው ሁሉ በምሬት የሚያመለክት ቃል ሆነ። ሰፈሩ እንዲህ ያለውን ስም ይዞ እስከ ዛሬ መኖሩ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

ጁባ ባዶ መሬት ላይ የተሠራች ከተማ አይደለችም። ከከተማው በፊት በአካባቢው ጁባ የምትባል የባሪ ሕዝብ መንደር ነበረች። በ1920 እና በ1921 መካከል የእንግሊዝ ሚስዮናውያን ማኅበር ኑጀንት መታሰቢያ የሚባል መካከለኛ ትምህርት ቤት በዚያ አቋቋመ። ስለዚህ ከከተማውም ከገበያውም ከገዥው ቢሮም አስቀድሞ በስፍራው የነበረው ትምህርት ቤት ነው፤ መምህራን በዚህ ጥቂት ቢኮሩ የሚፈርድባቸው የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ሹማምንት የሞንጋላ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የሚሆን አዲስ ቦታ ሲፈልጉ፣ ሞንጋላንና ረጃፍን ትተው ይህን ቦታ መረጡ። መሬቱ ከፍ ያለና ለጤና የሚሻል ነበር፤ ከካርቱም በኩል የሚመጣው መርከብም እስከዚያ ድረስ ያለ ችግር ይደርሳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ግን ወንዙ በፏፏቴና በድንጋይ ስለሚቆራረጥ ዕቃው ከመርከብ ወርዶ በመኪና ወደ ዩጋንዳና ወደ ኮንጎ መጓዝ ነበረበት። ዕቃ ከመርከብ ወርዶ በመኪና በሚጫንበት ስፍራ መጋዘን ይሠራል፤ መጋዘን በተሠራበትም ነጋዴ ይሰፍራል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ የባሪ ነዋሪዎች ለአዲሱ ከተማ ቦታ እንዲለቁ ተደረገ። በ1927 የከተማው ዋና ዋና ሥራዎች ተጀምረው ነበር፤ በ1929 የረጃፍ ነጋዴዎች ወደ ጁባ ተዛወሩ፤ በ1930 የገዥው ቢሮ ተከተላቸው። የመጀመሪያው የነዋሪ መለወጥ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ባሪዎቹን ያስነሣቸው የኪራይ መወደድ ወይም የገበያ ፉክክር አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። ዛሬ በከተማው ውስጥ «ጁባ ና ባሪ» የሚባል ሰፈር አለ፤ የባሪ ጁባ ማለት ነው። ባለቤቱ በራሱ አገር ሌሎች ከሠሩት ከተማ ለመለየት ስሙን በተጨማሪ ቃል ማስረዳት ግድ ሆኖበታል።

ወደ አዲሱ ከተማ በመጀመሪያ ከመጡት ነጋዴዎች መካከል ግሪኮች ዋነኞቹ ነበሩ። ለእንግሊዝ ጦር ስንቅ በማቅረብ የጀመሩ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ምንጊዜም ብዙ ሆኖ አያውቅም። ሆኖም በከተማው መካከል ከገበያው አካባቢ ጠንካራ የሆኑ የንግድ ቤቶችን ሠሩ፤ ከባሪ ሕዝብም ጋር በመልካም ጉርብትና ይኖሩ እንደ ነበር ይነገራል። እንግሊዞች የግሪኮች ሰፈር እያሉ ይጠሩት የነበረው ቦታ ዛሬ ሀይ ጀላባ የሚባለው ይህ ሰፈር ነው።

እዚህ ላይ አንድ መምህር፣ «ግሪኮች እንዲያ ከሩቅ አገር መጥተው የነገዱበትን ቦታ፣ በዚያው አገር በሰሜን የሚኖረው ሱዳናዊ ነጋዴ ለምን አልቀደማቸውም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግሪኮች ከጀላቦች ይልቅ ትጉሃን ነበሩ የሚል አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1922 ባወጣው የፓስፖርትና የፈቃድ ሕግ ደቡቡን ዝግ አገር አድርጎ ነበር፤ በ1925 ደግሞ የሰሜን ነጋዴ በደቡብ ለመነገድ ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘ። በ1930 ዓመት በጥር ወር የሱዳን መንግሥት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሰር ሃሮልድ ማክማይክል ለደቡብ ገዥዎች ባስተላለፉት መመሪያ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች እንዲበረታቱ፣ የጀላቦች ፈቃድ ግን ብዙ ወሬ ሳያስነሣ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ አሳሰቡ። የመመሪያው ዓላማ ዐረብኛና እስልምና ወደ ደቡብ እንዳይስፋፉ መከልከል ነበር። እንግዲህ የግሪኮች ሰፈር የግሪኮች ብቻ ሥራ አልነበረም፤ የመመሪያውም ሥራ ነበር። ገዥው የሰጠው ፈቃድ አንዱን ባለ ሱቅ አደረገው፤ ሌላውን ከበር መለሰው። ባለ ሱቁም ከጊዜ በኋላ ሱቁን ያገኘው በብልሃቱ ብቻ ይመስለዋል፤ ይህ ለሰው ሁሉ ያለ ጠባይ ነው።

የጋምቤላን ታሪክ ለሚያስተምር መምህር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የሱዳን መንግሥት የሚያስተዳድረው የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በዚያም ጣቢያ ከታወቁት ነጋዴዎች መካከል ግሪኮች ነበሩ። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው። ጁባና ጋምቤላ የአንድ የመርከብ መንገድ ሁለት ጫፎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በሁለቱም ስፍራ የወንዙ ጥልቀትና የመንግሥታት ውል ተባብረው የነጋዴውን ዕድል ወስነዋል።

ስለ ሰፈሩ ጠባይ ሲነገር የመሬቱ ሥርዓት መታለፍ የለበትም፤ ነገሩ ደረቅ ቢመስልም ፍሬው በዚህ ውስጥ ነውና። በሱዳን የከተማ መሬት በደረጃ ይከፈል ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ እየተባለ። በአንደኛው ደረጃ ቦታው ሰፊ ነው፤ የሊዙ ዘመን ረጅም ነው፤ ቤቱም በድንጋይ፣ በጡብ ወይም በሌላ በማይፈርስ ነገር እንዲሠራ ግዴታ አለበት። በሦስተኛው ደረጃ ቦታው ጠባብ ነው፤ የሊዙ ዘመን አጭር ነው፤ በጭቃና በሣር መሥራትም ይፈቀዳል። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ መንግሥት በፈለገ ጊዜ የሚያስነሣው ሰፈር አለ። በዚህ ሥርዓት የድንጋይ ቤት ለመሥራት ገንዘብ የሌለው ሰው መሐል ከተማ ለመግባት ማንም «አትግባ» ሳይለው ይቀራል፤ የሚከለክለው የግንባታው ደንብ ነው። በሌላ አገር ሀብታሙ ድሀውን ከመሐል ከተማ ለማስወጣት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ በጁባ ግን ሥራው ከተማው ገና ሲቀየስ በካርታ ላይ አልቆ ነበር። አገሬው ከመሐሉ ራቅ ብሎ በካቶርና በመሰሉት ሰፈሮች ተቀመጠ፤ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱትና ቤተ ሰቦቻቸው ደግሞ ማላኪያ በተባለው ሰፈር ሰፈሩ።

የፖሊቲካው ነፋስ ሲለወጥ የሰፈሩም ሰው ተለወጠ። በ1946 መጨረሻ ላይ እንግሊዞች ደቡቡን ከሰሜን ለይቶ የማስተዳደሩን አሳብ ተዉት። ጁን 12 እና 13 ቀን 1947 በጁባ በተደረገው ጉባኤ፣ ዋና ጸሐፊው ጄምስ ሮበርትሰን ሊቀ መንበር ሆነው፣ የሰሜንና የደቡብ ሰዎች ስለ አንድነቱ ተነጋገሩ። ዝግ የነበረው በር ተከፈተ፤ የሰሜን ነጋዴም በብዛት ወረደ። ሰፈሩ ሀይ ጀላባ የተባለበትን ቀን ፈልጎ ማግኘት አያስፈልግም፤ ስሙ ራሱ ማን ማንን እንደ ተካ ይመሰክራል። በሃያ ዓመት ውስጥ በአንድ መመሪያ የተባረረው በሌላ መመሪያ ተመልሶ የሰፈሩን ስም ወረሰ። ግሪኮቹ ግን ወዲያው አልጠፉም። ብዙዎቹን ያዳከማቸው በ1970 የጃፋር ኒሜሪ መንግሥት ባንኮችንና የውጭ አገር ሰዎችን የንግድ ድርጅቶች መውረሱ ነው። በዚያን ጊዜ በሱዳን ከተሞች ሁሉ የነበሩ ግሪኮች ዕቃቸውን እየሸከፉ ሄዱ። በጁባ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ግንቦቻቸው ግን ከእነርሱ በኋላ ለባንክና ለሆቴል አገልግለዋል።

ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን የጦርነት ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል፤ የአገሪቱ ታሪክ እንጂ የሰፈሩ ብቻ አይደለምና። በኦገስት 1955 በቶሪት የነበሩ የደቡብ ወታደሮች ዐመፁ፤ በጁላይ 1965 በጁባ ከተማ በወታደሮች እጅ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሱቅ ከፍቶ የሚውለው ሰሜናዊ ነጋዴ ከወታደሩ ጋር አንድ ሆኖ ይታይ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም፤ ምንም እንኳ ብዙው ከስኳርና ከሻይ ቅጠል በቀር ሌላ የሚያውቀው ባይኖር። በ1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ጦርነቱ ለ11 ዓመት ያህል ቆመ። በዚያ ድርድር የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበራት ሸምጋይ ሆነው ሲሠሩ፣ ነገሩ በተሰናከለ ጊዜ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በመካከል ገብተው ረድተዋል። ጁባ የደቡቡ ራስ ገዝ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ በ1975ም ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመላት። በ1983 ስምምነቱ ፈርሶ ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ ጁባ እስከ 2005 ድረስ የመንግሥት ጦር የሚጠብቃት፣ በዙሪያዋ ግን የተከበበች ከተማ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲውም ወደ ካርቱም ተሰደደ።

በ2005 የሰላሙ ውል ከተፈረመ በኋላ የሆነው ግን በሰፈሩ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልታየ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ ከትእዛዙ ይልቅ ገንዘቡ በረታ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ የእርዳታ ማኅበራት፣ ቆንስሎችና ባንኮች በአንድ ጊዜ ወደ ጁባ ገቡ፤ ከተማዋ ግን የምታስተናግድበት ቤት አልነበራትም። በወንዙ ዳር በተተከለ ድንኳን ለማደር ለአንድ ሌሊት ከ100 ዶላር በላይ የሚከፈልበት ጊዜ ነበር። ኮንቴይነር እየተቈረጠ መኝታ ክፍል ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ በመሐል ከተማ ግንብ ያለው ሰው ሁሉ ባለጸጋ ሆነ፤ ኪራይም በዶላርና የብዙ ወራቱ በቅድሚያ ይጠየቅ ጀመር። የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ፣ ደመወዛቸው በአገሩ ገንዘብ የሆነው፣ ወደ ጉደሌና ወደ መሰሉት ዳር ሰፈሮች ራቁ። የከተማው አስተዳደር ደግሞ በ2009 ያለ ፈቃድ ተሠሩ የተባሉ ብዙ ቤቶችን አፈረሰ።

በ1964 ሩት ግላስ የተባሉ የማኅበራዊ ኑሮ መርማሪ ስለ ሎንዶን በጻፉት ጥናት፣ የሠራተኛው ወገን ይኖርባቸው የነበሩ አሮጌ ሰፈሮች በባለ ገንዘብ እየተገዙና እየታደሱ ነባሩ ሰው እንዴት እንደሚወጣ አስረድተው፣ ለነገሩ ከጨዋና ከባላባት ወገን የተወሰደ ስም ሰጡት። ስሙ ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ነገር ግን ያ ስም ለሀይ ጀላባ እንደ ተውሶ ልብስ ነው፤ በአንድ በኩል ይጠባል፤ በሌላው ይሰፋል። በሎንዶን የገባው ባለጸጋ የአገሩ ሰው ነበር፤ ገዝቶ ይቀመጣል፤ ልጆቹንም ያሳድግበታል። በጁባ ግን ኪራዩን ያስወደደው ሰው የአንድና የሁለት ዓመት ውል ይዞ የመጣ የድርጅት ሠራተኛ ነው። በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 በከተማው ውጊያ በተነሣ ጊዜ ብዙዎቹ በአውሮፕላን ተሳፍረው ወጡ። በ2015 መጨረሻ የአገሩ ገንዘብ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የገንዘቡ አቅም እጅግ ወደቀ፤ በዶላር ሊከራይ የተሠራውም ቤት የሚከፍለው ሰው አጣ። ሰፈሩ ሀብታም የሆነው በነዋሪው ሀብት ሳይሆን በእንግዳው በጀት ነበር።

ከእነዚህ እንግዶች ጋር አብረው የመጡት፣ ነገር ግን እንደ እነርሱ በቶሎ ያልሄዱት፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። ሆቴል ከፈቱ፤ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ የግንባታ ዕቃ አስመጡ፤ የቧንቧ ውሃ ባልደረሰበት ከተማ የወንዙን ውሃ በቦቴ እየቀዱ ለየቤቱ አከፋፈሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በጁባ ቅርንጫፍ ከፈተ። እንጀራና የጀበና ቡና በጁባ የማይገኙ ነገሮች መሆናቸው ቀረ። ከሩቅ አምጥቶ የሚሸጥ ማለት ጀላቢ ከሆነ፣ በቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም አዲሱ ጀላቢ ማን እንደ ሆነ ማሰብ ይቻላል። አንድ የጁባ ልጅ ጠዋት በሱቁ መስኮት የሚያየው ፊት በአያቱ ዘመን የግሪክ ነበረ፤ በአባቱ ዘመን የሰሜን ሱዳናዊ ሆነ፤ በእርሱ ዘመን የሐበሻ ነው። ልጁ ራሱ ወይም አባቱ በዚያ መስኮት ውስጥ ለምን አልቆሙም የሚለው ጥያቄ የምቀኝነት ጥያቄ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በእንግሊዝ ዘመን ፈቃዱ ለሌላ ተሰጠ፤ በጦርነቱ ዘመን ገበያው ተዘጋ፤ ሰላም በመጣ ጊዜ ደግሞ ገንዘብና ልምድ ያለው ጎረቤት ቀደመ። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ በዚህ ታሪክ ውስጥ በደለኛ አይደለም፤ ከታሪኩ ውጭ ግን አይደለም።

የዚህ ነገር አሳሳቢነት በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። በሴፕቴምበር 2014 የደቡብ ሱዳን የሠራተኛ ሚኒስቴር፣ ድርጅቶችና ኩባንያዎች የውጭ አገር ሠራተኞችን አሰናብተው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በአገሩ ተወላጆች እንዲተኩ የሚያዝ ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው ብዙ ተቃውሞ ስለ ደረሰበት በጥቂት ቀን ውስጥ ትርጉሙ እንዲለዝብ ተደረገ፤ ሆኖም ወረቀት ሰጪው ወረቀቱን ሊነሣ እንደሚችል አሳይቶ አለፈ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የከፋ ነገር ደረሰ። በሱዳን በዋድ መዳኒ ከተማ ደቡብ ሱዳናውያን መገደላቸውን የሚያሳይ ፊልም በተሰራጨ ጊዜ፣ በጁባ የተቈጡ ወጣቶች የሱዳናውያንን ሱቆች ሰብረው ዘረፉ፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ፤ መንግሥት የሰዓት እላፊ ዐወጀ። ከተዘረፉት መካከል ብዙዎቹ ከ2023 ወዲህ በካርቱም ከተነሣው ጦርነት ሸሽተው የመጡ ነበሩ፤ ጀላባ የሚለው የቆየ ቃል ግን በሸሸውና ባሸሸው መካከል መለየት አላስቻለም።

በኢትዮጵያም የሰፈር ስም እንዲሁ ከሰው በላይ ዕድሜ አለው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራላቸው ድርጅት ስም የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ኢጣልያኖቹ በ1941 ተባረሩ፤ በቤቶቹ ሌላ ሰው ገባ፤ በ2024 ደግሞ ከሰፈሩ ብዙው ክፍል ለከተማው አዲስ ፕላን ፈርሶ ነዋሪው ወደ ዳር ተወሰደ። ስሙ ግን እስካሁን በታክሲ ረዳት አፍ ላይ አለ። በካዛንቺስ የተማረ ልጅ የሀይ ጀላባን ታሪክ ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ይህን ነገር እንዴት ወደ ክፍል ሊያስገቡት ይችላሉ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የመማሪያ መጽሐፎች ስለ መንግሥታት እንጂ ስለ ሰፈሮች እምብዛም አይናገሩም፤ ስለዚህ መምህሩ የራሱን ሰሌዳ መጠቀም ይኖርበታል። በማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ሊሞከር የሚችል አንድ መንገድ አለ። ዕጩ መምህራኑ በቅድሚያ የሚያስተምሩበትን ሰፈር ካርታ በወረቀት ይነድፋሉ፤ ከዚያም በላዩ ስስ ወረቀት እያነባበሩ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የአንድ ዘመን ነዋሪዎችን ያሰፍራሉ። ለሀይ ጀላባ ቢሆን የመጀመሪያው ወረቀት የባሪ መንደር፣ ሁለተኛው የግሪኮች መጋዘን፣ ሦስተኛው የሰሜን ነጋዴ ሱቅ፣ አራተኛው የእርዳታ ድርጅት ግቢና የሐበሻ ሆቴል ይሆናል። በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ ማን እንደ ገባ ብቻ ሳይሆን በምን ሕግ እንደ ገባና በምን ሕግ እንደ ወጣ ይጻፋል። ሕግ ያልተገኘለት ባዶ ይቀመጣል፤ ተማሪው በግምት እንዲሞላው አይፈቀድም። ሽማግሌዎችን መጠየቅ የሚቻል ሲሆን ተማሪው ለአንዱ ወገን ሽማግሌ ሳይሆን ቢያንስ ለሁለት ወገን ሽማግሌዎች ይላካል፤ ከቤቱ የተነሣና በቤቱ የገባ ሰው ያንኑ ግንብ በአንድ ቃል አይገልጹትምና።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «ነጋዴዎቹ ሁሉ ሌቦች ናቸው ብሎ አባቴ ነግሮኛል» ቢል መምህሩ መደንገጥ የለበትም፤ በጁባም በአዲስ አበባም የሚያጋጥም ነገር ነው። ልጁን በቁጣ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዝም ያለው ልጅ አሳቡን አልተወም፤ የያዘውን ይዞ ወደ መንገድ ይወጣል። የሚሻለው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወረቀት በእጁ ሰጥቶ፣ የ1925ቱንና የ1930ውን ትእዛዝ አስነብቦ፣ ነጋዴው በማን ፈቃድ እንደ ገባ፣ አባቱስ በማን ፈቃድ ሳይገባ እንደ ቀረ፣ ራሱ ጽፎ እንዲያመጣ ማዘዝ ነው። ለዚህ አንድ ሳምንት ይበቃዋል።